ሥልጣን ገደብ ይኑረው!

ክቡራን የመካነ ሰላም፣ የአጅባርና የአቀስታ ከተሞች መራጮች፣

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት ሹመት ልጓም ባልነበረው ዘመን የተወለደ ነው። በ1979 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ፕሬዚዳንት፣ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥና የብቸኛው ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሥርዓቱን ፓርላሜንታዊ አለው። ስሙ ተለወጠ፤ የአስፈጻሚው ጡንቻ ግን አልሰለለም።

አንቀጽ 70ን ከአንቀጽ 72 ጋር አነጻጽሩ። ለክብር የሚቀመጠው ፕሬዚዳንት የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ሆኖ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ተገድቧል። ጦሩን የሚያዘውና የአስፈጻሚው የበላይ የሆነው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ፓርቲው እስካሸነፈ ድረስ ገደብ የለበትም። አቶ መለስ ዜናዊ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 2004 እስከሞቱ ድረስ 17 ዓመት በወንበሩ ቆይተዋል። በ2007ቱ ምርጫ ደግሞ አስፈጻሚውን ሊቆጣጠር የሚገባው ምክር ቤት 547ቱም መቀመጫ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዘ።

ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ እንደራሴዎቹ ዕረፍት ላይ ነበሩ፤ ያጸደቁት ነሐሴ 8 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያዝ ይችል ነበር። ሕገ መንግሥቱ እስከ 15 ቀን ስለሚፈቅድ መዘግየቱ ሕግ አልጣሰም፤ ጉድለቱ ከሕጉ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫም በ2005 ዓ.ም. ተካሂዶ፣ ዘመኑ በ2010 ሲያልቅ ተራዘመ።

ጎረቤታችን ኬንያ ፕሬዚዳንታዊ ናት። ሆኖም ፕሬዚዳንቷ ከሁለት ዘመን አያልፍም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷም እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ውጤት ሰርዟል። በእኛ አገር ግን በሰኔ 2012 ዓ.ም. መንግሥት ከዘመኑ በላይ እንዲቆይ የፈቀደው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፖለቲከኞች ጉባኤ የሆነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ከሥርዓቱ ስም ሳይሆን ከልጓሙ ላይ ነው።

ፓርቲያችን ለሚከተሉት ይታገላል፦
1ኛ. ጠቅላይ ሚኒስትር ከሁለት የአምስት ዓመት ዘመን በላይ እንዳያገለግል፤
2ኛ. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ቢሆንም፣ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲቀርብለት፤
3ኛ. ነፃ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እንዲቋቋም፤
4ኛ. የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በየጊዜው እንዲካሄድ።

ሕገ መንግሥት ማሻሻል የሁለቱን የፌዴራል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶችን ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ይጠይቃል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ስለሆነም እያንዳንዷ ወንበር ዋጋ አላት። ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ሹሙ፣ ተቆጣጠሩ፣ ሲያጠፋም ሻሩ!