የእብድ ውሻ በሽታ የሚቆመው ውሻው ላይ ነው
ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ውሾች በየዓመቱ በዘመቻ እንዲከተቡ ስለመጠየቅ

ክቡራን ሚኒስትሮች፣

ይህን ደብዳቤ ለሁለታችሁም በአንድነት የምጽፈው፣ የእብድ ውሻ በሽታ በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል ባለው ክፍተት እየገባ ሰው ስለሚገድል ነው። የተነከሰው ሰው የጤና ሚኒስቴር ታካሚ ነው። የነከሰው ውሻ ግን አይታለብ፣ አያርስ፣ ለቄራ አይቀርብ፤ ስለ እንስሳት ጤና ሲታሰብ ከበሬና ከበግ ኋላ ይቀራል። ቫይረሱ የሚኖረው ደግሞ እዚያው ወደ ኋላ የቀረው ውሻ ውስጥ ነው።

አንድ ተላላፊ በሽታ ብዙ ዓይነት ፍጡር ሊያጠቃ ይችላል። ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ የሚቆየው ግን ማደሪያው በሆነው እንስሳ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከእነዚህም 99 በመቶ የሚሆኑት የተያዙት ከውሻ ነው። ሰውም ሆነ በሬ ይታመማል፣ ይሞታል፤ በሽታውን ግን አያዛምትም። ስለዚህ ሺህ ተነካሽ ብናክም ብዙ ሕይወት እናተርፋለን፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቫይረሱ ግን ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉን አያቆምም።

ይህን ከባሌ ተራሮች በላይ በግልጽ ያሳየን ቦታ የለም። በእነዚህ ተራሮች የሚኖረውና ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሽታው ደጋግሞ ገብቶበታል፤ በ2003፣ በ2008 እና በ2014ም ወረርሽኝ ነበር። በከፋባቸው አካባቢዎች ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ጨርሷል። ቀበሮዎቹ ጥቂት በመሆናቸው ቫይረሱን ለረጅም ጊዜ ማቆየት አይችሉም፤ እነሱ ሲያልቁ እሱም አብሮ ይጠፋል። መልሶ የሚያመጣባቸው የከብት ጠባቂው ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሥጋ ውስጥ የተደረገ ክትባት ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀምሯል፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም በባሌ እረኛውንም፣ ከብቱንም፣ ቀበሮውንም በአንድ ጊዜ የሚጠብቀው ለውሻው የሚሰጠው መርፌ ነው።

ቫይረሱ በምራቅ አማካይነት ቁስል ውስጥ ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። መዳን የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር፣ ንክሻው ከባድ ከሆነ ዝግጁ ፀረ-አካል የያዘውን ኢሙኖግሎቡሊን መጨመር ያስፈልጋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ክትባቱ ሩቅ ከተማ ብቻ ሲገኝ፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ገንዘብ እስኪፈለግ ውድ ቀናት ያልፋሉ። ልጁ ደህና መስሎ ሲጫወት የሚያይ ወላጅም ጉዞውን ለነገ ያሳድረዋል።

ክቡራን ሚኒስትሮች፣ ይህ በሽታ ገዳይ ቢሆንም በውሾች መካከል የመዛመት አቅሙ ደካማ ነው። አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ ከሁለት የማይበልጡ ሌሎች ውሾችን ነው የሚያስይዘው። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ቡችሎች በየጊዜው ስለሚወለዱ ግን ዘመቻው በየዓመቱ መደገም አለበት። በመርዝ መጨረስ መፍትሔ አይደለም፤ መርዝ የተከተበውንም ይገድላል፣ ባዶ በቀረው ሰፈርም ያልተከተበ ውሻ ይገባበታል። በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እጅግ ብዙ ውሻ ተገድሎ በሽታው አልጠፋም። ሜክሲኮ ግን ውሾቿን ለዓመታት በነጻ በዘመቻ ስትከትብ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ ማጥፋቷን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል።

ስለዚህ አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሁለቱ ሚኒስቴሮች በጋራ በጀት በየዓመቱ ነጻ የውሻ ክትባት ዘመቻ ይክፈቱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አብረው ይውጡ። ሁለተኛ፣ ጤና ጣቢያ የተቀበለው እያንዳንዱ ንክሻ በዚያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይነገር፤ የነከሰውና ጤነኛ የሚመስለው ውሻ ወዲያው ከመገደል ይልቅ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ይህ ክትትል ግን የተነከሰውን ሰው ክትባት አያዘግየው። ሦስተኛ፣ የሰው ክትባትና ኢሙኖግሎቡሊን ገበሬው በአንድ ቀን ደርሶ በሚመለስበት ቦታ ይገኙ። አራተኛ፣ ከተሞች የመርዝ ዘመቻን ትተው ገንዘቡን ለክትባት ያውሉት።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ተብለው ከተመረጡት ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች አንዱ ይህ ነው። ዓለም ከውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው እንዳይሞት የቆረጠው ዓመት እ.ኤ.አ. 2030 ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላሉ አባቶቻችን። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ብዙውን ጊዜ በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ይውላል። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሁለታችሁም አንድ መድረክ ላይ ቆማችሁ ስንት ወረዳዎች 70 በመቶ እንደደረሱ፣ የትኞቹ እንደቀሩ፣ ስንት ሰው እንደሞተ በስማችሁ ለሕዝብ ንገሩን። የቀሩት ወረዳዎች ስም በይፋ ሲነበብ፣ ውሻው የማን ኃላፊነት እንደሆነ መልስ ያገኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር