ከዕቃው በፊት ምርመራው ይከፈል

ነዳጅ ሲሰጡት ጧ ጧ እያለ የሚተኩስ የቤንዚን መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው መልስ «ካንዴላው ነው» የሚል ነው። ካንዴላው ይቀየራል። ድምፁ ካልጠፋ ቦቢናው፣ ቀጥሎ የቤንዚን ፊልትሮው፣ ከዚያም ፓምፑ ይቀየራል። ባለመኪናው ሶማሌ ተራ እየተመላለሰ ዕቃ ይገዛል፣ መካኒኩም የእጁን ይቀበላል። ከአራቱ አንዱ ችግሩን ፈትቶት ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ ግን ደህና ሆነው ሳለ የተጣሉ ናቸው። መካኒኩን ብቻ መውቀስ ይህን ልማድ አያስቀረውም። በአብዛኛው የምንከፍለው ለተቀየረ ዕቃና ለመቀየሪያው ጉልበት ነው፤ ችግሩን ፈልጎ ማግኘት ግን እንደ ነጻ አገልግሎት ይቆጠራል። ማንም የማይከፍልበት ሥራ ደግሞ በጥድፊያ ቢሠራ አያስደንቅም።

ድምፁ ራሱ ብዙ ይናገራል። ፍንዳታው ከማርሚታው የሚመጣ ከሆነ ሲሊንደር ውስጥ ሳይቃጠል ያመለጠ ቤንዚን የጭስ መውጫው ውስጥ እየተቀጣጠለ ነው ማለት ነው። በአየር መሳቢያው በኩል ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ አንሷል ወይም ቫልቭ በሰዓቱ አይዘጋም ብሎ መጠርጠር ይገባል። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ዝም ብሎ ሲነዳ ብቻ የሚተኩሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነዳጅ ሲሰጠው ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር እሳቱ በካንዴላው ክፍተት ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ የደከመ ቦቢና የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ለዚህ አየር የተስተካከለ አሮጌ ካርቡራተር ድሬዳዋ ሲወርድ አየሩ ይበዛበትና ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ያን ጊዜ ቢተኩስ ካንዴላ መቀየር ምንም አይፈይድም።

ምርመራ ስል ውድ ማሽን ብቻ ማለቴ አይደለም። በየሲሊንደሩ የራሱ ቦቢና ያለውን ባለ 4 ሲሊንደር ኮሮላ እንውሰድ። ማሽኑ ፒ0301 የሚል ኮድ ቢያወጣ የሚነግረን አንደኛው ሲሊንደር በደንብ እንደማያቃጥል ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። መካኒኩ የአንደኛውን ቦቢና ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ወደ አንደኛው ያዛውርና ኮዱን አጥፍቶ መኪናውን ዳገት ላይ ይፈትነዋል። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተቀየረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። ባለበት ከቀረ ካንዴላውን፣ ኢንጀክተሩንና የሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን ማየት ይቀጥላል። ለዚህ አንድም አዲስ ዕቃ አልተገዛም። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ትንሽ ስለሚያጋድል፣ ቆሞ የማይታይ ስንጥቅ ያን ጊዜ ብቻ ተከፍቶ ያልተለካ አየር ያስገባል። ይህን ለማግኘት ቱቦውን በእጅ ለጠጥ አድርጎ ማየት ይበቃል።

ልምድ ያለው መካኒክ በጆሮው ያውቃል፣ ማሽን አያስፈልገውም የሚሉ አሉ። የሠለጠነ ጆሮ ዋጋው ትልቅ ነው፤ ፍለጋውን ያጠብበዋል። ነገር ግን የጭስ መውጫው ጋስኬት ሲያፈስም፣ የፊት ሴሚያስ መገጣጠሚያው ሲበላም ነዳጅ ሲሰጥ ድምፅ ያሰማሉ። የመጀመሪያው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይጮኽና ሲሞቅ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው መሪ ተጠምዝዞ ሲነዳ ይብሳል። ሁለቱን የሚለየው በሁለቱም ሁኔታ የሞከራቸው ሰው ነው፤ ይህም ምርመራ ነው።

ካንዴላ ርካሽ ስለሆነ ቀይሮ ማየት ምን ይጎዳል? የሚለው ጥያቄ ጠንከር ያለ ነው። የመቀየሪያው ጊዜ ከደረሰ ይቀየር። ግን አስቀድሞ ተፈቶ ይታይ፦ ጥላሸት ለብሷል? ነጭ ሆኗል? ነጩ ሸክላ ላይ የእሳት መንገድ የሆነ ጥቁር መስመር አለ? አይቶ መጣልና ሳያዩ መጣል አንድ አይደሉም። ደግሞ በግምት በምንመላለስባቸው ሳምንታት ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ውስጥ እየነደደ ውስጡን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ጭስ መውጫውን ሲዘጋ መኪናው ጉልበት ያጣል። ያኔ የካንዴላው ርካሽነት ዋጋ የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው «ምንም ሳይቀየርልኝ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው የባለመኪናው ቅሬታ ነው። ሐኪም ቤት ለላቦራቶሪ ከፍለን ውጤቱን ይዘን መድኃኒት እንገዛለን፤ ውጤቱ «ደህና ነህ» ቢሆንም ገንዘቡን አናስመልስም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉት መኪኖች ለረጅም ጊዜ ማገልገል አለባቸው፤ በግምት የሚጣል ዕቃ ከበፊቱ ይልቅ ይቆጨናል።

ስለዚህ ጋራዦች የምርመራ ዋጋቸውን ለብቻው ያሳውቁ፤ ባለመኪናውም ሳይከራከር ይክፈል። በምላሹ ምን እንደተፈተሸ፣ ምን እንደተገኘና ምን እንዳልተነካ በደረሰኙ ላይ ይጻፍለት፤ የተፈታው አሮጌ ዕቃም በእጁ ይሰጠው። ድምፁ ቢመለስና መኪናው ሌላ ጋራዥ ቢሄድ፣ ሁለተኛው መካኒክ ወረቀቱን አንብቦ ካልተነካው ይጀምራል።