በቢርክላንድ ስም መነገድ

የ“ኤሌክትሪክ ጽንፈ ዓለም” ሰባኪዎች አንድ የሚወዱት ታሪክ አላቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኖርዌያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ቢርክላንድ የ1899ን የበረዶ ወራት በሰሜን ኖርዌይ፣ ሃልዴ በተባለ ተራራ አናት ላይ፣ አውሮራ የሚባለውን የዋልታ ሰማይ ብርሃን ሲያጠና አሳለፈ። በቤተ ሙከራውም አየሩ በተመጠጠ ሣጥን ውስጥ መግነጢሳዊ ሉል አስቀምጦ ኤሌክትሮን ቢለቅበት፣ በሉሉ ዋልታዎች ዙሪያ ብርሃን ታየ። አውሮራን የሚፈጥሩት ከፀሐይ የሚመጡ፣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ናቸው አለ፤ ፍሰቱም የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ተከትሎ ከሕዋ ይወርዳል፣ ወደ ሕዋም ይመለሳል። በዘርፉ ስሙ የገነነው እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን ግን አልተቀበለውም። ለእርሱ ፍሰቱ ከላይኛው ከባቢ አየር የማይወጣ ነበር። ቢርክላንድ በ1917 ቶኪዮ ውስጥ ሞተ። ሙግቱ የተፈታው ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ፣ አንዲት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሳተላይት እርሱ የገመተውን የፍሰት ምልክት ስትመዘግብ ነው። ዛሬ ፍሰቱ የሚጠራው በስሙ ነው።

ታሪኩ እውነት ነው። ችግሩ ከታሪኩ የሚመዘዘው ድምዳሜ ላይ ነው፦ ያኔ ቢርክላንድን ገፉት፣ ዛሬ እኛን ይገፉናል፣ ስለዚህ ልክ ነን። በዚህ ሒሳብ ፀሐይ የምትበራው በውስጧ ባለ የኑክሌር ውህደት ሳይሆን ከውጭ በሚገባላት ኤሌክትሪክ ነው፤ ጋላክሲን የሚያሽከረክረው መግነጢስ ነው፤ ታላቁ ፍንዳታ የሚባል ነገር አልነበረም። የተጠራጠረ ሁሉ የስበት አምላኪ ተብሎ ይሰደባል።

ቻፕማንን ኤሌክትሪክ የማይገባው ሰው አድርጎ ማቅረብ ራሱ ቅጥፈት ነው። ቀን ቀን ከምድር ወገብ አካባቢ በላይ፣ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚፈሰው ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት በ1951 ስም ያወጣለት እርሱ ነው። ያ ጅረት በእኛው ሰማይ ላይ ያልፋል፤ በ1958 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባው የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ ከሚከታተላቸው ነገሮች አንዱም ነው። የሁለቱ ሰዎች ጠብ በሕዋ ኤሌክትሪክ አለ የለም ሳይሆን በየት በኩል ይፈሳል የሚል ነበር። ቻፕማን ተሳሳተ፤ በስሕተቱም ችክ አለ። የረታው ግን ልኬት እንጂ የቢርክላንድ መበደል አይደለም።

የዩጂን ፓርከርም ነገር እንዲሁ ነው። በ1958 ከፀሐይ ሳያቋርጥ የሚነፍስ የቅንጣት ነፋስ አለ ብሎ ሲጽፍ ሁለት ገምጋሚዎች ጽሑፉን ጣሉት። የመጽሔቱ አዘጋጅ ቻንድራሴካር ሐሳቡን ባይወደውም ስሌቱ ላይ እንከን አጣና አሳተመው። አራት ዓመት ሳይሞላ ወደ ቬኑስ የምትበረው ማሪነር 2 ነፋሱን ለካችው። ሰባኪዎቹ የሁለቱን ገምጋሚዎች ነገር አይረሱም፤ አዘጋጁንና ማሪነርን ይዘሏቸዋል።

ትልቁ መከራከሪያቸው ስዊድናዊው ሃንስ አልቬን ነው፤ በእርግጥም ትልቅ ሰው ነው። በ1942 ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ጋዝ፣ ማለትም በፕላዝማ፣ ውስጥ ስለሚጓዙ መግነጢሳዊ ሞገዶች ሲጽፍ ብዙዎች አልሰሙትም፤ በ1970 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይኸው አልቬን ግን ከኦስካር ክላይን ጋር ሆኖ፣ በታላቁ ፍንዳታ ፈንታ፣ ጽንፈ ዓለም እኩል ቁስና ጸረ ቁስ ይዟል የሚል የራሱን ኮስሞሎጂ አቅርቦ ነበር። ሁለቱ በሚነካኩበት ድንበር እየተጠፋፉ ጋማ ጨረር መርጨት አለባቸው። የጋማ ቴሌስኮፖች ሰማዩን ቃኙት፤ የተባለው ጨረር የለም። በጥር 1990 ደግሞ ኮቢ የተባለችው ሳተላይት የለካችው፣ ሰማዩን የሞላው የ2.7 ኬልቪን ጨረር ታላቁ ፍንዳታ ከሚጠብቀው ኩርባ ጋር ልክ ለልክ ሲገጥም፣ በስብሰባው አዳራሽ የነበሩ ተመራማሪዎች ቆመው አጨበጨቡ። የአልቬን ኮስሞሎጂ ታፍኖ አልቀረም፤ ተመርምሮ ወደቀ። ሞገዶቹ ግን ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። ያው አንድ ሰው፣ በአንዱ ረታ፣ በሌላው ተረታ።

ኤሌክትሪክ ከስበት 1 ተጽፎ 39 ዜሮ በሚከተለው ቁጥር እጥፍ ገደማ ይበረታል የሚለው መከራከሪያም ውሃ አያነሳም። ቁጥሩ በአንድ ኤሌክትሮንና በአንድ ፕሮቶን መካከል ልክ ነው። ነገር ግን አሉታዊውና አዎንታዊው ሙል ስለሚጣፉ ፀሐይን የሚያህል አካል በጥቅሉ ገለልተኛ ይሆናል፤ ስበትን የሚያጣፋ ተቃራኒ ግን የለም። ፍኖተ ሐሊብን የሞላው መግነጢሳዊ መስክ ጋዝን ይገፋል፣ ቅንጣቶችን ያጠማዝዛል፤ ኮከብን ከመንገዱ ንቅንቅ አያደርግም። ከዋክብትም ከጋዙ እኩል እንደሚፈጥኑ እናያለን።

ሳይንቲስቶቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። በ1950 ቬሊኮቭስኪ የተባለ ጸሐፊ “ዓለማት ሲጋጩ” የተሰኘውን መጽሐፍ ሲያወጣ የሥነ ፈለክ ሰዎች አሳታሚውን ማክሚላንን ተጭነው መጽሐፉን ለሌላ አሳታሚ እንዲያስተላልፍ አደረጉት። መጽሐፉ በስሕተት የተሞላ ነበር፤ በክርክር መጣል ይበቃው ነበር። በዛቻ ሲያባርሩት ግን ሰማዕት አደረጉት፤ የዛሬዎቹ የኤሌክትሪክ ሰባኪዎች የእርሱ ደቀ መዛሙርት ናቸው። የሕዋን መግነጢስ “ስሌቱ ይከብዳል” እያሉ ለሌላ ቀን የሚያሳድሩ መምህራንም ለዚህ ስብከት በር ይከፍታሉ።

የኤሌክትሪክ ፀሐይ ነገር ግን ምሕረት የሚገባው አይደለም። ከኑክሌር ውህደት የሚወለዱት፣ ከፀሐይ የሚመጡት ኒውትሪኖ የተባሉ ቅንጣቶች ለዓመታት ከተሰላው ሲሶ ያህል ብቻ ሆነው ሲገኙ፣ ሰባኪዎቹ ውህደት የለም ብለው ፈነጠዙ። በ2001 እና በ2002 የካናዳው የሰድበሪ ጣቢያ የጎደሉት በመንገድ ላይ ዓይነታቸውን ቀይረው እንጂ ጠፍተው አለመሆኑን አሳየ። በ2014 ደግሞ በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር የነበረው ቦሬክሲኖ የተባለ የኒውትሪኖ መመልከቻ ከመጀመሪያው የፕሮቶን ውህደት የሚወጡትን ኒውትሪኖዎች ያዘ፤ ከእነርሱ የተሰላው ጉልበት ፀሐይ ከምትሰጠን ብርሃን ጋር ይገጥማል። ከውጭ በሚገባ ኤሌክትሪክ የምትበራ ፀሐይ እነዚህን ከየት ታመጣለች? ቀጥሎ የሚያጋጥማችሁን ሰባኪ ስለ ቢርክላንድ በደል አትጠይቁት፤ ስለ ቦሬክሲኖ ጠይቁት።