ናኦሚ ግርማና የግቢያችን ሜዳ

(ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል)

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት ተከላካይና ስለ ግቢያችን ሜዳ ነው። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል እንዳትሉኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በግቢያችን ኳስ ሲጀመር ሁሉም አጥቂ ነው። ተከላካይ የሚሆነው ወይ ዘግይቶ የመጣ ነው፣ ወይ ደግሞ "አንተ ከኋላ ቁም" የተባለ ልጅ ነው። ሴት ልጅ "እኔም ልግባ" ካለች በረኛ ያደርጓታል፤ ካልሆነም "ሂጂ ገመድ ዝለይ" ይሏታል። በዓለም ላይ ግን በተከላካይነቷ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለባት ሴት አለች። ስሟ ናኦሚ ግርማ ይባላል። አዎ፣ ግርማ! እናትና አባቷ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሄዱ ናቸው።

ናኦሚ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ነው። ኳስ የጀመረችው በትልቅ አካዳሚ አይደለም። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸው እንዲገናኙና እንዲጫወቱ ብለው "ማለዳ" የሚባል የኳስ ክለብ ነበራቸው። ክለቡን ካደራጁት አንዱ አባቷ ናቸው። ናኦሚ ኳስ መምታት የለመደችው እዚያ፣ ከአበሻ ልጆች ጋር ነው።

ከዚያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ጠንካራ ቡድን አላቸው፤ ፕሮፌሽናል ክለቦችም ብዙ ተጫዋቾችን የሚመርጡት ከነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ስታንፎርድ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሲሆን የፍጻሜው ጨዋታ 0 ለ 0 አልቆ በፍጹም ቅጣት ምት ነው ያሸነፉት። ልብ በሉ፣ አንድም ጎል አላስገቡም፣ ግን ዋንጫ በሉ! ተከላካይ ምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

እ.ኤ.አ. በ2020 የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ለኳስ ተጫዋች ይሄ ከባድ ጉዳት ነው፤ ብዙ ወር ያስቀምጣል። እሷ ግን ታክማ ተመለሰች። የምትማረው ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም። የሰው አእምሮ፣ ቋንቋና ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠሩ አንድ ላይ የሚያጠና ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳን ዲዬጎ ዌቭ የሚባለው ክለብ ከአገሪቱ ተጫዋቾች ሁሉ አስቀድሞ፣ በ1ኛ ደረጃ መረጣት። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ ምርጥ ተከላካይም ተባለች።

እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ አሜሪካ 6 ጨዋታ ተጫውታ የገባባት 2 ጎል ብቻ ነው። ናኦሚ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትቀየር ሁሉንም ተጫወተች፤ በፍጻሜው ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። በጥር 2025 ደግሞ የእንግሊዙ ቼልሲ ገዛት። ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲከፈል በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደኛ ልምጣ። ስለ ሴቶችና ስለ ኳስ ሲነሳ ሦስት ነገር ሲባል እሰማለሁ።

አንደኛው "ኳስ ከትምህርት ያዘናጋል" የሚለው ነው። ናኦሚ ኳሱንም ደብተሩንም ይዛ ነው እዚህ የደረሰችው። የቅርጫት ኳስ የምትወዱ ስቴፈን ከሪን ታውቁታላችሁ። ዴቪድሰን በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ሲጫወት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ኤንቢኤ ገባ። ሀብታምና ዝነኛ ከሆነም በኋላ ግን አልተወውም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጨርሶ ዲግሪውን ወሰደ። ታዲያ ኳስና ትምህርት ለምን ይጣላሉ? የሚያዘናጋው ያለ ሰዓቱ መጫወት ነው እንጂ ኳስ ራሱ አይደለም።

ሁለተኛው "ያ አሜሪካ ነው፣ እዚህ አይሆንም" የሚለው ነው። ሎዛ አበራ እኮ የዱራሜ ልጅ ናት! ለሉሲዎቹ ጎል አግብታለች፣ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታለች፣ በኋላም አሜሪካ ድረስ ሄዳለች። የኛ ንግድ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2024 በአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ለመወዳደር ሞሮኮ ሄዷል። እዚህም ይሆናል ማለት ነው።

ሦስተኛው "ሴቶቹ ራሳቸው አይፈልጉም" የሚለው ነው። ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ። ከትምህርት መልስ በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ኳስ የሚጫወቱት እነማን ናቸው? ወንዶች። እኛስ? ዕቃ እናጥባለን፣ ሽንኩርት እንከትፋለን፣ ሕፃን እንይዛለን፤ ውኃ የሚመጣበት ቀን ከሆነ ደግሞ ጀሪካን እንሞላለን። ለወንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሜዳ ሌላ የሰፈር ሜዳም አለው። ለኛ ግን ያለን የትምህርት ቤቱ ሜዳ ብቻ ነው። እዚያም ካልተጫወትን የትም አንጫወትም። ያልሞከረችውን ነገር "አትፈልግም" ማለት ደግሞ ፍርድ አይደለም።

ሥራ ማገዝ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እናቶቻችንን ማገዝ አለብን፤ ወንድሞቻችንም ቢያግዙ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ሁላችንም እንደ ናኦሚ እንሆናለን እያልኩም አይደለም። ብዙዎቻችን ነርስ፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ ኢንጂነር እንሆናለን። ግን መሮጥ፣ መውደቅና መነሳት፣ ጓደኛ ስትሳሳት ከኋላ ሆኖ መሸፈን ለማንም ይጠቅማል።

የናኦሚን ታሪክ ሳነብ በጣም ያስገረመኝ ዶላሩ አይደለም። ከሁሉ በፊት ትልልቅ ሰዎች ለልጆች ቦታና ሰዓት መስጠታቸው ነው። "ማለዳ" ባይኖር ያቺ ትንሽ ልጅ ኳሷን የት ትመታ ነበር?

ስለዚህ ለርዕሰ መምህራችንና ለስፖርት መምህራኖቻችን በአክብሮት የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ በምሳ እረፍት ሜዳው ለሴቶች ይሁን። ከዕቃ ክፍል አንድ ኳስ ይሰጠን፤ በሰዓቱ የምትመልስ ተጠሪ እኛው እንመርጣለን። አንድ መምህር ወይም መምህርት ይቆጣጠሩን። ሌሎቹ ሦስት ቀናት እንደነበሩ ይቀጥሉ። ወንዶች ሆይ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብትለቁልን ምን ይጎድልባችኋል? ዳር ቆማችሁ ብትደግፉን ደግሞ ደስ ይለናል።

የማይስማማ ካለ ሐሳቡን ጽፎ በክበባችን ሳጥን ይክተት፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣለታለን። የምትስማሙ ሴቶች ግን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ አስገቡ። 11 ስም ከሞላ አንድ ቡድን ሆነ ማለት ነው። ተከላካይ የምትሆን ካለችም እንዳታፍር፣ ከስሟ አጠገብ "ተከላካይ" ብላ ትጻፍ።

ቸር ይግጠመን!