ካሴቱ ባሕር ዳር ነበር

እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ካሴት አለ። ዘፋኝ የለበትም። አኮርዲዮን ይመራል፤ ከሥሩ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ይከተላሉ። «ሸሞንሟናዬ»፣ «አምባሰል»፣ «ላሎዬ»፣ «ሽለላ» እያለ አገር የሚያውቃቸውን ዜማዎች አገር በማያውቀው ድምፅ ያስኬዳቸዋል። ሁሉንም መሣሪያ የተጫወተው አንድ ሰው ነው፤ ኃይሉ መርጊያ። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ይህን ሥራ ያገኘው ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ታትሞ ሲወጣ የአውሮፓና የአሜሪካ የሙዚቃ ጸሐፊዎች ጠፍቶ የተገኘ ዕንቁ አድርገው ተቀበሉት።

ባሕር ዳር ላይ ግን አልጠፋም ነበር። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገዢ ይጠብቅ ነበር።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስለዚህ ካሴት በየቦታው የተጻፈው ታሪክ ስለ ፈላጊው ብዙ ይናገራል፤ ስለ ሙዚቀኛውም ይናገራል። ያን ሁሉ ዓመት ካሴቱን ሳይጥል ስላቆየው ባለሱቅ ግን የሚለው የለም። ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለምትገኘው ወረታ ደግሞ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በካሴቱ ዘመን ዘፈን ይጓዝ የነበረው ዛሬ ሩዝና ሽንኩርት በሚጫንበት በዚሁ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ይታተማል፣ ባሕር ዳር ይራገፋል፣ በሹፌር ቴፕ እየተዘፈነ ወረታ ይደርሳል፤ ከዚያ ግማሹ ወደ ጎንደር፣ ግማሹ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል። ባሕር ዳር የተረፈ ካሴት ካለ ወረታም የተረፈ አለ። ችግሩ የሚጠይቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

ኃይሉ መርጊያ ማን እንደሆነ ለወጣቱ አንባቢ መንገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ አለ፤ ሌሊት ከተማው ውስጥ መንቀሳቀስ ክልክል ስለነበር ሙዚቀኛውም ታዳሚውም እስኪነጋ ክለቡ ውስጥ ተዘግቶባቸው ያድራሉ። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን ያለ ዘፋኝ የተሠራ አልበም በሸክላ አወጣ። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰማው በዚሁ ነው። በ1978 ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በካሴት ሠራ። በ1981 ዋልያስ ከዘፋኞቹ ከማሕሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ወደዚያ የተሻገረ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ አራቱ አባላት እዚያው ቀሩ። ከአራቱ አንዱ ኃይሉ፣ ሌላው ግርማ በየነ ነበሩ።

ዋሽንግተን ውስጥ ኃይሉ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማረ። በልጅነቱ ይዞት ያደገውን አኮርዲዮን እንደገና አነሣና በአንዲት ትንሽ የቤት ስቱዲዮ ከያማሃና ከሙግ ሲንተሳይዘር ጋር አዋሐደው። የ1985ቱ ካሴት የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ከዚያ በኋላ ሙዚቃው ቀዘቀዘ፤ ኃይሉ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ዱለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ሺምኮቪትዝ አድራሻውን አፈላልጎ የደወለለት እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ ሳለ ነው። በስምምነታቸው መሠረት ትርፉ እኩል ይካፈላል። በ67 ዓመቱ የወጣው ያ ቅጂ ወደ መድረክ መለሰው፤ አውሮፓን፣ አሜሪካንና አውስትራሊያን ዞረ። በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ አድርጎ ሠራ። «ቸ በለው»፣ «ወደ ሐረር ጉዞ»፣ እንዲሁም ዋልያስ በ1975 ያወጡት «ትዝታ» ተራ በተራ በድጋሚ ታተሙ። ይህ ሁሉ የተነሣው ባሕር ዳር ላይ ከተገዛ አንድ ካሴት ነው።

እንዲህ ያለ ፍለጋ በብዛት የሚካሄደው በራፕ ዓለም ነው። የራፕ አቀናባሪ፣ ልጆቹ «ቢት ሠሪ» የሚሉት፣ ከአሮጌ ሸክላ የሁለት ሦስት ሴኮንድ ድምፅ ቆርጦ አዲስ ሥራ ያቆማል። አድናቂው ደግሞ ያቺ ቁራጭ ከየት እንደመጣች ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም። ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 የሠሩት «አዝ ዊ ኤንተር» የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ይዞ ነው የተነሣው። የካሊፎርኒያው አቀናባሪ ኦ ኖ በ2009 አንድ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ የቆዩ ሸክላዎች ቆራርጦ ሠርቷል። ይህ የተቻለው አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 በድርጅታቸው ያሳተሟቸውን ሸክላዎች ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ስብስብ እንደገና ስላወጣቸው ነው። አምሃ ሥራውን ሲጀምሩ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ያንን ሞኖፖል ደፍረው ባይጥሱ ኖሮ ዛሬ የሚፈለግ ነገር አይኖርም ነበር።

አቀናባሪው ራሱ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። የዲትሮይቱ ጄይ ዲላ እ.ኤ.አ. በ2006 በ32 ዓመቱ ሲሞት ያላወጣቸው ሥራዎች ብዙ ነበሩ። አንድ ሙሉ የራፕ አልበሙ አሳታሚው ድርጅት መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠው በኋላ በ2016 ነው የወጣው። በ2012 ደግሞ በዲትሮይት አካባቢ አንድ የሸክላ ነጋዴ ኪራዩ ሳይከፈል የቀረ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የነበሩ ሸክላዎችን በጅምላ ገዛ። ሸክላዎቹን ሲያገላብጥ የዲላን ስም የያዙ ደብዳቤዎች አገኘ፤ ድምፅ የተቀዳባቸው ካሴቶችም ነበሩ። ነጋዴው የዲላን እናት አፈላልጎ አገኛቸው። እሳቸውም ልጃቸው የሠራባቸውን ማሽኖች በኋላ ዋሽንግተን ለሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ሰጡ። የአንድ ቢት ሠሪ ማሽን በብሔራዊ ሙዚየም ቦታ አገኘ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሸክላዎቹና ካሴቶቹ የተረፉት ነጋዴው በመጀመሪያው ቀን ለሸማች ቸርችሮ ስላልጨረሳቸው፣ ይልቁንም የማን ናቸው ብሎ ስለጠየቀ ነው።

ወደ ወረታ እንመለስ። ከተማዋ ያለችበት ፎገራ ሜዳ ለካሴት ምቹ አገር አይደለም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት እርጥበት አለ፤ ጣና ቅርብ ነው። ካሴት ውስጥ ያለው ክር ስስ ፕላስቲክ ሆኖ በላዩ የብረት ዝገት መሰል ዱቄት በማጣበቂያ ተለጥፎበታል፤ ድምፁ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። እርጥበት ማጣበቂያውን ሲያላላው ዱቄቱ ይረግፋል፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የማሲንቆው ጭረት፣ የዋሽንቱ ትንፋሽ። ዱቄቱ ሳይረግፍ ቢቆይ እንኳ አሮጌ ቴፕ ካሴቱን ሊበላው ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ሰውና ከብት በሚታደጉበት ሰዓት ካሴት የሚያስታውስ አይኖርም፤ ሊኖርም አይገባም። ነገር ግን ውኃው ከገባባቸው ቤቶች ሣጥን ውስጥ ምን እንደነበር የጻፈ ማንም የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው በሙዚቃ ቤት የተሸጠው ካሴት አይደለም፤ እሱ ሌላ ከተማ ሌላ ቅጂ ይኖረዋል። አንድ ብቻ የሆነው የሠርግ ቅጂ ነው፤ አዝማሪው ለሙሽራው አባት የገጠመው፣ ከጎጃም የመጣ እንግዳ ቴፕ ላይ ቀይ ቁልፍ ተጭኖ የቀዳው፣ ከግማሹ በኋላ የሬዲዮ ዜና የተደረበበት። ወረታ ያለችበት ደቡብ ጎንደር የአዝማሪ አገር ነው። እዚህ አካባቢ በየድግሱ የተዘፈነው ሁሉ አዲስ አበባ ስቱዲዮ አልገባም።

የቤት ካሴት ዋጋ እንደሌለው የሚያስብ ካለ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነገር ይመልከት። እማሆይ ፒያኖ ብቻ ሲጫወቱ ነበር ዓለም የሚያውቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ካረፉ በኋላ፣ በ2024 በአማርኛ እየዘመሩ ፒያኖ የሚጫወቱበት አልበም ወጣ። ቅጂዎቹ በ1977 እና በ1985 መካከል ቤት ውስጥ በካሴት የተቀዱ ነበሩ። ድምፁ እንደ ስቱዲዮ አልጠራም፤ ነገር ግን በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ስለመሄድ ያሰቡት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ደግሞ ከዚያ በጣም ይርቃሉ። ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኳቸው እኒህ ባለቅኔ፣ የእግር ኳሱ የይድነቃቸው ተሰማ አባት፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በርሊን ላይ ማሲንቆ እየመቱ ሸክላ አስቀዱ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የሸክላ ቅጂዎች ናቸው። ተሰብስበው በሲዲ የወጡት ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011 ነው። ሸክላ መቶ ዓመት ይታገሣል። ካሴት አይታገሥም።

ሃርድ ዲስክማ ከካሴትም ያነሰ ነው። ዛሬ ባሕር ዳርም ሆነ ወረታ መኝታ ቤቱ ውስጥ በላፕቶፕ ቢት የሚሠራ ልጅ ሞልቷል። አማርኛ ራፕ ከእስክስታ ምት ጋር የሚያጋጥም፣ የማሲንቆ ድምፅ ቆርጦ የሚደጋግም አለ። ሥራው በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ከስልክ ስልክ ይተላለፋል፣ ሚሞሪ የሚሞሉ ሱቆች ከሌላው ጋር ቀላቅለው ይጭኑታል። እዚያ ሲደርስ የአቀናባሪው ስም የለም፤ ፋይሉ ቁጥር ብቻ ነው የያዘው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ዘፈን እንደ ድሮው እጅ በእጅ፣ በፍላሽና በሚሞሪ ብቻ መጓዝ ጀመረ። በእነዚያ ወራት የተሠራ፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የነበረ፣ ላፕቶፑ ሲበላሽ አብሮ የሄደ ሥራ መኖሩ የማይቀር ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚፈልገው አድናቂ ምን ብሎ ይጠይቃል? ስሙን አያውቅ።

ስለዚህ ይህን ፍለጋ ወረታ ላይ መጀመር የሚገባቸው እነዚሁ ቢት ሠሪዎች ናቸው ብሎ ይህ ዓምድ ያምናል። ጆሮው አላቸው፤ ላፕቶፑ አላቸው፤ ለሥራቸው ጥሬ ዕቃ ይፈልጋሉ። አጎት ቤት፣ አክስት ቤት፣ ድሮ ሙዚቃ ቤት ከነበረው ከጋሼ እገሌ ዘንድ ሄዶ «ካሴት ተርፎ ይሆን?» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። ከተገኘ መጀመሪያ ሽፋኑን ፊትና ጀርባ ፎቶ ማንሣት ነው፤ ቀጥሎ ማጫወቻውን በአልኮል አጽድቶ፣ ሁለቱንም ገጽ ሳያቋርጡ፣ ድምፁን «ላሳምረው» ሳይሉ ሳይጨመቅ መገልበጥ። ማሳመር ሁልጊዜ በኋላ ይቻላል፤ የተቆረጠን መመለስ ግን አይቻልም። ካሴቱን ለባለቤቱ መመለስም የሥራው አካል ነው፤ ተበድሮ የጠፋ ካሴት በሚቀጥለው ቤት በር ያዘጋል።

ከድምፁ እኩል የሚያስፈልገው ስሙ ነው። የአገራችን ካሴት ሽፋን ዘፋኙን በትልቁ፣ ባንዱን በትንሹ ይጽፋል፤ ቤዝ የመታውን፣ ያቀናበረውን፣ ግጥሙን የሰጠውን ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ግርማ በየነ አሜሪካ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ይሠሩ በነበሩባቸው ዓመታት «ሙዚቃዊ ስልት»ን በየአገሩ የሚጫወቱት ባንዶች ብዙ ነበሩ፤ ደራሲውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነበር። እሳቸው ወደ መድረክ ተመልሰው ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የሠሩት አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሞላቸው የካሴቱ ዘመን ሙዚቀኞች፣ ቀጂዎች፣ አከፋፋዮች ዛሬም በየከተማው አሉ። ቤዙን ማን እንደመታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የሚጠየቁትም አሁን ነው።

ሕጉም እዚህ ላይ ይገባል። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችና ለድምፅ ቅጂ አሳታሚዎች የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት «ትዝታ» ይህን ዕድሜ ደፍኗል፤ «ቸ በለው» እ.ኤ.አ. በ2027፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2028 ይደፍናሉ። የአምሃ እሸቴ ሸክላዎች አስቀድመው ሄደዋል። የደራሲው መብት ረዘም ቢልም፣ ቅጂውን አሳትሞ መሸጥ ለሚፈልግ ሁሉ ከዚህ በኋላ በሩ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል። ሺምኮቪትዝ ኃይሉን ፈልጎ የደወለው ሰውየው በሕይወት ስለነበረና ስሙ ሽፋኑ ላይ ስለተጻፈ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ በሠርግ ካሴት የተቀዳ አዝማሪ ግን ሽፋን የለውም። አንድ ወጣት አቀናባሪ ያንን ማሲንቆ ቆርጦ ቢት ሊሠራበት ይችላል፤ ሥራውም አገር ሊያዳርስ ይችላል። አዝማሪው ማን እንደነበር፣ ልጆቹ የት እንዳሉ፣ በማን ድግስ እንደተጫወተ የሚያውቁት ካሴቱን ያቆዩት ሰዎች ናቸው። ካሴቱ ከእጃቸው ከመነሣቱ በፊት ይህ ሁሉ በእስክሪብቶ ተጽፎ ከፋይሉ ጋር መቀመጥ አለበት።