ስለ ጦርነት ማን ይመስክር?

የፉከራ ቃል ከጦር ሜዳ በራቀ ቍጥር እየጐላ ይሄዳል። ጥይት ሲያፏጭ ያልሰማ ሰው በአዳራሽ ቆሞ ሞትን እንደ ሠርግ ያወድሳል፤ ከምሽግ ወጥቶ የባልንጀራውን ሬሳ የቀበረው ወታደር ግን ዝም ይላል። ዝምታውን ትቶ የተናገረ እንደ ሆነም «ፈራ» ወይም «አእምሮው ታወከ» ተብሎ ምስክርነቱ ይጣላል። ይህ ፍርድ ግፍ ነው።

ለዚህም የእንግሊዙ መኰንን የሲግፍሪድ ሳሱን ነገር ማስረጃ ይሆናል። ይህ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ምድር ተዋግቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1916 ዓ.ም. ስለ ጀግንነቱ የጦር መስቀል የሚባለውን ኒሻን ተሸለመ። በ1917 ዓ.ም. ግን ለመከላከል የተጀመረው ጦርነት ወደ ወረራ እንደ ተለወጠ፣ ሊያስቆሙት የሚችሉትም ሆን ብለው እንዳስረዘሙት ገልጾ፣ ከእንግዲህ አልዋጋም ሲል ለአለቃው ጻፈ። ቃሉም በእንግሊዝ ምክር ቤት ተነበበ። ሹማምንቱ በጦር ፍርድ ቤት አቁመው ነገሩን በመመርመር ፈንታ፣ በሽተኛ ነው ብለው በኤድንብራ አጠገብ ወዳለው ወደ ክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ላኩት። ኒሻኑን ሲሸለም ጤነኛ የነበረ ሰው እውነትን ሲናገር በምን ታመመ? ፈሪ ነው የሚል ቢኖርም፣ ኋላ ወደ ጦር ሜዳ ተመልሶ በ1918 ዓ.ም. ጭንቅላቱ ላይ በጥይት መቍሰሉ አፉን ያዘጋዋል። በደረት የሚንጠለጠል መስቀል ሌላ፣ በልብ የሚሸከሙት መስቀል ሌላ ነው።

«እንዲህ ያለ ቃል የአገርን ክንድ ያዝላል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን አገሩን ከወራሪ ለመጠበቅ በ1928 ዓ.ም. በማይጨው የወደቀውን አርበኛ ማክበር አንድ ነገር ነው፤ መግደልን እንደ ጨዋታ ማወደስ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን በመርዝ ጢስ የተቃጠለውን ወገን ያየ ዓይን ጦርነትን ሠርግ አይለውም።

ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና፣ አባቶች በጦርነት መግደልን እንደ ነፍሰ ገዳይነት እንዳልቈጠሩት ይናገራል፤ ይሁን እንጂ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ 3 ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢከለከሉ መልካም ሳይሆን አይቀርም ሲል ይመክራል። ይህም ወታደሩን ለማዋረድ አይደለም፤ ልቡ የሚያውቀውን ሸክም ቤተ ክርስቲያንም የምታውቅለት መሆኑን ያስረዳል። ቅዱሱ እንደ ከሳሽ «ነፍሰ ገዳይ» አላለውም፤ እንደ አዝማሪም «ምንም አልነካህም» አላለውም።

እንግዲህ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ከተደረገው ጦርነት የተመለሰ ወታደር የንስሐ አባቱን ደጅ ሲመታ፣ ካህኑ በምን ይቀበለዋል? «ጀግና ነህ፤ አትዘን» ብሎ ቢያሰናብተው፣ በምስጋና አፉን ዘጋው እንጂ ቍስሉን አላጠበለትም። ይልቅስ አስቀምጦ እስኪጨርስ ይስማው። ፉከራውን አደባባዩ ሰምቶታል፤ ልቅሶውን መስማት የካህን ድርሻ ነው።