ጅግራን ማርባት የሚገባ ስለ መሆኑ

በኢትዮጵያ ባላገር ዘንድ ዶሮ የማትገኝበት ደጅ ጥቂት ነው። እመቤቲቱ ለጨውና ለዘይት፣ ለልጅም ደብተር የሚሆነውን ገንዘብ የምታገኘው ከእንቍላሏ ነው፤ የበዓሉም ወጥ የሚሠራው ከእርስዋ ነው። ነገር ግን ፈንግል የሚባለው በሽታ በመንደሩ የገባ እንደ ሆነ፣ በቆጥ ላይ የሰፈረው ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ያልቃል፤ ቤቲቱም ባዶዋን ትቀራለች። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ዶሮንና እንቍላልን ከወተትና ከማር ጋራ ለማስፋፋት መነሣቱ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም የቤቱ ተስፋ ሁሉ በአንዲት ወገን ላይ እንዳይቀር ሁለተኛ ድጋፍ መፈለግ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ይህም ድጋፍ ሩቅ አይደለም። ጅግራ የአፍሪካ ወፍ ናት፤ በኢትዮጵያም ዱር በመንጋ ስትሄድ ትታያለች። የሮማ ሰዎች ከ2000 ዓመት በፊት «የአፍሪካ ዶሮ» እያሉ ያረቧት ነበር፤ ዛሬም የሰሜን ጋናና የቡርኪና ፋሶ ገበሬዎች በየግቢያቸው ያረቧታል። በኢትዮጵያ ግን ይበልጡን የምትታወቅ በአዳኝ ዘንድ ነው።

ጅግራ ተባይንና መዥገርን ለቅማ ትበላለች፤ የእንቍላሏ ቅርፊት ወፍራም ስለ ሆነ በቶሎ አይሰበርም፤ እንግዳ ነገር ያየች እንደ ሆነ በብርቱ ትጮኻለችና ግቢ ትጠብቃለች። ጉድለትም አለባት። እንቍላል የምትጥለው በወራቱ እንጂ ዓመቱን ሙሉ አይደለም፤ ጫጩቶቿንም በረጠበ ሣር ውስጥ እየመራች ታስፈጃቸዋለች። መድኃኒቱ እንቍላሏን ለዶሮ ማሳቀፍ ነው፤ የዶሮ በ21 ቀን ሲፈለፈል፣ የጅግራ ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጃል። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእርጥበትና ከብርድ ሊጠበቁ ይገባል። ብዙውን በሽታ ከዶሮ ይልቅ ብትችልም ከፈንግል ፈጽማ ነጻ አይደለችምና ክትባት ያሻታል።

የዱር ወፍ ናት ብሎ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ርኩሳን የተባሉት አዕዋፍ በየስማቸው ተቈጥረዋል፤ የጅግራ ስም ከዚያ ውስጥ አይገኝም። ይህንን ለምእመናን ማስረዳት የካህናት ፈንታ ነው።

የሹማምንት ፈንታ ደግሞ ሥራው በሥርዓት እንዲጀመር ማድረግ ነው። ሁሉም እየተነሣ ከዱር እንቍላል ቢለቅም ርባታው ሳይጸና የዱሩ ዘር ይጠፋል፤ ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 541ም በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘር በፈቃድ ተወስዶ በምርምር ጣቢያ ይርባ፤ ከዚያም አያያዙን ለተማሩ ገበሬዎች ይታደል። እንዲህ ከተደረገ ጅግራ ዶሮን ሳታስወጣ በአጠገቧ ቆማ ቤቱን ትደግፋለች።